ከጣቴ በፊት ወገቤን፦ የሽሮ ሜዳ ውሾች የሥራ ማስታወሻ

ጥር 25፣ 2017፣ እሑድ

ዛሬ ተጀመረ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዋናው መንገድ ተነስተን በሸማኔዎቹ ሱቆች በኩል ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሽቅብ ወጣን። እኔ ስልኬን፣ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጽሑፉ ከእኔ ስለሚሻል ጸሐፊ አድርጌ ሾሜዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮልካታ አጠገብ ባለ የሳይንስ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጎዳና ውሾች የሰውን ጣት ይረዱ እንደሆነ ፈትነው ነበር። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በተለያዩ የሕንድ ከተሞች 160 ውሾች አገኙ። ሁለት የተከደኑ ሳህኖች አስቀመጡ። አንዱ ውስጥ ጥሬ ዶሮ አለ፣ ሌላው ሽታው ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በጣታቸው ወደ አንዱ ጠቆሙ። ግማሽ ያህሉ ውሾች ጭራሽ አልቀረቡም። ከቀረቡት ግን አምስቱ ሲታዩ አራቱ ጣቱን ተከትለው ሄዱ። ማንም አላሠለጠናቸውም። ሶፋ ላይ ተኝተው ያደጉ ውሾችም አይደሉም።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት «የእኛ ሰፈሮቹስ?» የሚል ነበር። እንግዲህ እናያለን።

መጀመሪያ ቆጠራ። እያንዳንዱን ውሻ ፎቶ አነሳን፤ ጆሮ፣ ጭራ፣ ጠባሳ፣ ያለው ምልክት ሁሉ። ዛሬ 34።

ጥር 26፣ ሰኞ

ከሥራ በፊት ያንኑ መንገድ ደገምን። 29 አየን። ፎቶዎቹን ስናመሳክር 21ዱ የትናንቶቹ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 34 በ29 ተባዝቶ ለ21 ሲካፈል ወደ 47 ይመጣል። ዓሣ የሚቆጥሩ ሰዎችም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት። ያላየናቸው 5 የሚሆኑ ውሾች የሆነ አጥር ሥር ተኝተው ይስቁብናል ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ሁሉንም ስም ሊያወጣላቸው ፈለገ። ቁጥር ይበቃል አልኩት። ማታ ደብተሩን ስከፍት ከቁጥሮቹ ጎን በእርሳስ «ድንቡሼ»፣ «አይናፋር»፣ «ኮሎኔል» ተጽፎ አገኘሁ። ተውኩት።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ውሻ ባለቤት አለው?» የሚል ነበር። ሰባት ሰው ጠየቅኩ፣ ሰባቱም የለውም አሉኝ። አንዱ እንዲያውም «ክትባት ነው ወይስ መርዝ?» ብሎ ቀድሞ ጠየቀኝ። ገባኝ። ከተማችን ውስጥ ውሻ የሚቆጥር ሰው ከመጣ ኋላ መርዝ ሊበተን ይችላል። «የእኔ ነው» የሚል ሰው ኃላፊነት ሊመጣበት ነው፤ «የእኔ አይደለም» ካለ ደግሞ ውሻው ሊሞት ነው። ስለዚህ ትከሻውን ይሰብቃል።

ጥያቄውን ቀየርኩት። «ማን ነው የሚያበላው?»

ጉድ ፈላ። ጉሊት የሚሸጡት እማማ «የኔ አይደለም፤ ማታ ግን እቃዬን ስሰበስብ እስከ ቤት ይሸኘኛል» አሉኝ። እንዴት የእርስዎ አይደለም ታዲያ ስላቸው «ልጄ፣ እኔ ገዝቼዋለሁ?» ብለው ሳቁ።

አንድ ቀይ ውሻ አለ፣ ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ በደብተራችን ቁጥር 11። የግቢው ዘበኛ ጃክ ይሉታል። ሸማኔዎቹ ሻምበል ይሉታል። ልጆቹ ቡቺ ይሉታል፤ ልጆች ሁሉንም ውሻ ቡቺ ነው የሚሉት። ለሦስቱም ስም ዞር ይላል። ጠዋት ዘበኛው ጋ፣ ቀን ሸማኔዎቹ ጋ፣ ማታ እንደገና ዘበኛው ጋ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ይሄኛው በሦስት ፈረቃ ነው የሚጮኸው።

የካቲት 2፣ እሑድ

የመጀመሪያው የሳህን ሙከራ። ውርደት ነው።

ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዛሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ለድመት ነው?» አለኝ፤ ለሳይንስ ነው ማለት አፍሬ አዎ አልኩ። ሁለት የፕላስቲክ ሳህን፣ ሁለት የካርቶን ክዳን። አንዱ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ሳንባ፣ ሌላውን በሳንባው አሸት አሸት አደረግኩት። ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ እንዳለው።

የመጀመሪያው ውሻ፣ ድንቡሼ፣ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ያየናል። ጭራው ሙሉ በሙሉ ሰላም ነው። ሳህኖቹን ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ውሻ የለም። መንገዱ ማዶ ደርሷል።

ሁለተኛው እንደዚሁ። ሦስተኛው እንደዚሁ። ከ12 ውሾች 9ኙ ጣቴን ሳያዩ ሄዱ። ከቀሩት ሦስት አንዷ መጥታ ካርቶኑን በላች።

ስድስተኛው ሲሸሽ የእህቴ ልጅ፣ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ እንደ ቀላል ነገር «አክስቴ፣ ድንጋይ የምታነሺ መስሏቸው ነው እኮ» አለኝ።

ለካ። ሕፃን ሆኜ እኔም የማውቀው ነገር ነው። ውሻ ከመጣብህ ድንጋይ ባይኖር እንኳ ጎንበስ በል፣ ይሸሻል ብለውን ነው ያደግነው። ሁላችንም የተማርነው ዘዴ ነው። ውሾቹም ተምረውታል። ጣቴን ይረዱ እንደሆነ ልጠይቃቸው መጣሁ፤ እነሱ ግን ከጣቴ በፊት ወገቤን አንብበው ጨርሰዋል።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለ እሱ ሳስብ ዋልኩ። ኮልካታዎቹ ያልቀረቡት ውሾች የሚፈሩ እንደነበሩ፣ ምናልባት በሰው ተጎድተው ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ባለፈው ሳነበው ዘልዬው ያለፍኩት መስመር ነው። አሁን እሱ መስመር ነው የእኔ ሥራ።

ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ዝም ብዬ አየሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች አሉ። ሸክሙ ከራሳቸው ይበልጣል። ወገባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የሚሄዱት፤ ከእነሱ በላይ የጎበጠ ሰው የለም። ሦስት ውሾች መንገዱ መሐል ተኝተው ነበር። እናቶቹ በአጠገባቸው አለፉ። አንዱም ጆሮውን አላነሳም።

ታዲያ መጉበጡ አይደለም። እጃቸውን አየሁ። ሁለቱም እጆች ደረታቸው ላይ ገመዱን ጨብጠዋል።

የካቲት 8 እና 9

ሳህኑን ተውነው። አሁን የምንፈትነው መጎንበስን ነው። አራት ዓይነት፦ ውሻውን እያዩ ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት፤ ወደ ሌላ እያዩ የጫማ ክር ማሰር፤ ቁጢጥ ማለት፤ ጀርባ ሰጥቶ መሬት መንካት። ርቀቱ አሥር እርምጃ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ውሻው ሦስት እርምጃና ከዚያ በላይ ከራቀ «ሸሸ»፣ ካልተንቀሳቀሰ «ቆየ»።

16 ውሾች። እያዩ መጎንበስ፦ 14 ሸሹ። የጫማ ክር፦ 9። ጀርባ ሰጥቶ፦ 5። ቁጢጥ፦ 3።

ደስ ብሎኝ ማታ ለእህቴ ደወልኩ። «እሺ፣ ውሻ ድንጋይ ይፈራል። ይህን ለማወቅ ልጄን ሁለት ቀን ከእንቅልፉ ቀሰቀስሽው?» አለችኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ስህተት አገኘሁ። ለሁሉም ውሻ አራቱን በአንድ ቅደም ተከተል ነው የሠራሁት፤ እያዩ መጎንበስ ሁሌም መጀመሪያ፣ ቁጢጥ ሁሌም መጨረሻ። ውሻው አራተኛው ላይ ሲደርስ «ይቺ ሴትዮ ድንጋይ የላትም፣ ዝም ብላ ነው የምትጎነበሰው» ብሎ ለምዶኝ ይሆናል። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢያመጡልኝ ቀይ እስክሪብቶ ነበር የማወጣው። እንደገና።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ በሥጋ ነው። ውሾቹም እንደዚያው፤ ዛሬ ምግብ ይዤ ብመጣ የሚያየኝ የለም። መጎንበሱን ግን ጥጋብ አያስቀረውም ብዬ ደገምኩት። በዚህኛው ዙር ለእያንዳንዱ ውሻ የቱ እንደሚቀድም በዕጣ አወጣን። ዕጣውን የእህቴ ልጅ ከቆቡ ውስጥ ያወጣል።

እያዩ መጎንበስ 13፣ የጫማ ክር 8፣ ጀርባ ሰጥቶ 6፣ ቁጢጥ 4። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። አሥራ ስድስት ውሻ ለጉባኤ የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ ግን አሁን አምነዋለሁ። ውሻው ሦስት ነገር አንድ ላይ ያያል፦ ወገብ፣ እጅ፣ ዓይን። ሦስቱ ወደ እሱ ሲዞሩ ነው የሚሄደው።

አንድ ሌላ ነገር። የእህቴ ልጅ ራሱ ሲጎነበስ ከአሥር እርምጃ ሳይሆን ከሃያም ይሸሻሉ። አሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ ማለት ለእነሱ የድንጋይ ሌላ ስሙ ነው። «እኔ ወርውሬ አላውቅም!» አለ። ዝም ብዬ አየሁት። «አንዴ» አለ። ጉሊት ሻጯ እማማ ሲጎነበሱ ግን ሁለት ውሻ ብቻ ነው የተነሳው፣ እሱም ወደ እሳቸው።

ሊስትሮው ልጅ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። እግሩ ሥር ሁለት ውሻ ይተኛል። ስለ እሱ ሌላ ቀን በሰፊው መጻፍ አለብኝ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። 55 ቀን። ሳንባ ቀረ።

ይሄ ነገር ትግራይ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት አስታወሰኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ከሰው ሰፈር አጠገብ የሚኖሩ ጅቦችን ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፀጉር አጠኑ። ጅቡ በአብዛኛው የሚኖረው ሰው በሚጥለው የእርድ ትርፍራፊ ነው። በጾም ያ ይደርቃል። ያኔ ጅቡ ወደ አህያ ዞረ። የአህያ ፀጉር ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው፣ በጾሙ ወቅት 33.1 ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ተመለሰ። ጅቡ አይጾምም፣ አያስቀድስም፤ ግን በእኛ ቀን መቁጠሪያ ነው የሚበላው። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁሌም አንድ ልጅ «አህያዋስ ምን አጠፋች?» ይላል።

የእኛ ሰፈር ውሾች ዛሬ የሽሮ ፍርፋሪ ላይ ናቸው።

የካቲት 23፣ እሑድ

መጥፎ ቀን። ከብሎኬት ክምር ጀርባ ያለች እናት ውሻ ሦስት ቡችላ አላት። ሕጋችን ቡችላ ያለበት አለመድረስ ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ፎቶ ሳመሳክር የእህቴ ልጅ ቡችላውን አንስቶታል። ቡችላው በጥርሱ እጁን ጫር አደረገው። ደም እንኳ ነጥብ ነው።

ጉሊት ሻጯ እማማ ውሃና ሳሙና ሰጡን። አሥራ አምስት ደቂቃ በሰዓት እየቆጠርኩ አጠብኩት። ደቂቃው አያልቅም። ልጁ «በቃ ጠራ» ይላል፣ እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ እቀጥላለሁ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሕክምና፣ የመጀመሪያውን ክትባት ያኔውኑ ወሰደ። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታው የሚመጣባቸው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል። በቶሎ ከታጠበና በቶሎ ከተከተበ ግን ይከለከላል። ይህንን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የራስ ልጅ ሲሆን ሌላ ነው።

እህቴ የተናገረችውን አልጽፈውም። አንዱን ብቻ፦ «ልጄን ያሳደግኩት ለውሻ ጥናት አይደለም።» ልክ ናት። ሥራው ቆሟል።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አሥር ቀን ሞላ። ውሻው አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሄጄ ቡችላውን አየሁት፤ የሰው ልጅ እንዲህ አልጠበቅኩም። ዛሬ ካልሲ እየጎተተ ሲሮጥ አየሁት። ፎቶውን ለእህቴ ላክሁላት። «ካልሲው የማን ነው?» ብላ መለሰች። ታረቅን።

መጋቢት 14፣ እሑድ

እንደገና ጀመርን፣ በአዲስ ሕግ። የእህቴ ልጅ ከግቢው በር አይወጣም፤ ከዚያ ሆኖ ይጽፋል።

ሳንባ የገዛሁት ራቅ ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። የእነሱም ጾም ነው፣ ረመዳን፤ ሰውየው ለማፍጠሪያ የሚሆን ሥጋ እየቆረጠ ነበር። ስመለስ አንዲት ጎረቤት ከረጢቱን አይታ «በጾም?» አለችኝ። ለውሻ ነው አልኳት። «በዚህ ኑሮ ውድነት?» አለች። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ሳህኑን ሳልጎነበስ የማስቀምጥበት ዘዴ ማግኘት ነበረብኝ። መጀመሪያ በገመድ አወረድኩት፤ ገመዱ ጅራፍ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሁለቱ ሸሹ። ቀጥሎ ዘበኛው «ውሻው ከመምጣቱ በፊት ለምን አታስቀምጪውም፣ መምህርት?» አሉኝ። ሁለት ዲግሪ አለኝ። ከመምጣቱ በፊት ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቆሜ ጠበቅኩ።

ጣት መጠቆምም የራሱ ጣጣ አለው። እጄን ፈጠን አድርጌ ካነሳሁ መወርወር ነው። ከጎኔ በቀስታ፣ መዳፌን ከፍቼ ስዘረጋው ብቻ ነው የሚቆሙት። 22 ውሾች ሞከርን። 9ኙ አልቀረቡም። ከቀረቡት 13 ውስጥ 10ሩ ወደ ጠቆምኩት ሳህን ሄዱ። ግማሹን ጊዜ የጠቆምኩት ባዶውን ነው፤ ባዶውንም ተከትለው ሄደው ሳህኑን ልሰው ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ይከነክነኛል። ዕዳዬን ለመክፈል ሙከራው ሲያልቅ ሌላውንም ሳህን ከፈትኩላቸው።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ቁጥር 11 እስከ ዛሬ አንድም ሙከራ ውስጥ አልገባም። ጃክ፣ ሻምበል፣ ቡቺ፤ የትኛውም ስሙ አያመጣውም። ዘበኛው እግር ሥር ተኝቶ እንደ ፈታኝ ያየኛል።

ዛሬ ሳህኖቹን ዘርግቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አምስት ደቂቃ ቆምኩ። ምንም። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩልኝ» አልኳቸው። ከበርጩማቸው አልተነሱም። እጃቸው መቁጠሪያቸው ላይ ነው። «ሂድ ብላ» አሉና አገጫቸውን ወደ ቀኝ ነቅነቅ አደረጉ። ቁጥር 11 ተነስቶ፣ ተንጠራርቶ፣ ወደ ቀኙ ሳህን ሄደ።

በአጋጣሚ ይሆናል አልኩ። እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። ስድስት ጊዜ፣ ግራና ቀኝ በዕጣ። ስድስቱንም አገኘው። የሰው አገጭ! እኔ ሁለት ወር ጣቴን ሳስተካክል ነበር።

«ማን አስተማረው?» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉኝ። አገጫቸውን እንደሚጠቀሙ ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

ሊወጡ ሲሉ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ ድንጋይ ፈለጉ። ጎንበስ ብለው፣ ውሻውን እያዩ፣ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አነሱ። አሥር እርምጃ አይሆንም፣ ሁለት ነው። ቁጥር 11 ከሳህኑ ራሱን አላነሳም። የእህቴ ልጅ ከበሩ ሆኖ «ቆየ» ብሎ ጻፈ፤ ሙከራ አይደለም ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ልማድ ሆኖብኝ ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ እህቴ እንዳይቆሽሽ አስምላዋለች።

ሰፈሩ ውስጥ ያልታረደ ነገር የለም። በየበሩ ደም ታጥቦ ይወርዳል፣ በየቱቦው አጠገብ አጥንት። ሳህኖቹን አስቀመጥኩ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ድንቡሼ አለፈ፣ ሳህኖቹን አየ፣ ሄደ። የእህቴ ልጅ በውጤት ዓምዱ «ጠግበዋል» ብሎ ጻፈ።

ቁጥር 11 በሩ ሥር የበግ መንጋጋ ይዞ ተኝቷል። ሳህኖቼን ልሰበስብ ሄድኩ። ስደርስ ቆም አልኩ፤ ከእሱ አጠገብ ነኝ፣ አራት እርምጃ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሌላ መንገድ የለም፣ ሳህኑ መሬት ላይ ነው። እያየሁት ጎንበስ አልኩ።

መንጋጋውን በአፉ አነሳ። ተነሳ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለና ተመልሶ ተኛ።

የእህቴ ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። «አክስቴ፣ ሸሸ ልበል ወይስ ቆየ?»